ወሎን በሞተር፦ መንገድ መሪ ይዞ ደጋ የመውጣት ተሞክሮዬ

ሞተር የሚነዱ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «መንገዱ ስልክ ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ ለመንገድ መሪ ብር መክፈል ምን ይባላል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ከደሴ ተነስቶ በኩታበር፣ በወገል ጤናና በጋሸና አድርጎ ላሊበላ የሚያደርሰው መንገድ መገንጠያው ብዙ አይደለም። ግራ ቢገባችሁም እረኛ ጠርቶ መጠየቅ ነው። እኔ ግን መሪ የያዝኩት መንገድ እንዲያሳየኝ ብዬ አልነበረም። ፍጥነቴን እንዲገዛልኝ ነው። መቼ መቆም፣ መቼ መነሳት፣ የቱ ቁልቁለት ላይ ማርሽ መቀነስ እንዳለብኝ የሚያውቅ ሰው ከፊቴ እንዲኖር ነው። ደጋ ላይ ሰው የሚጎዳው መንገድ ጠፍቶበት አይደለም። ቁልቁለት ላይ ቸኩሎ፣ መሽቶበት ወይም እጁ በብርድ ደንዝዞ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኛ የሄድነው ከጦርነቱ በፊት፣ አገሩ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ከተሞች ብዙ አይተዋል። በ2014 ዓ.ም. ጋሸናም፣ ኩታበርም፣ ደሴም የጦር ሜዳ ሆነው ነበር። ከዚያም በኋላ በክልሉ የጸጥታው ነገር ከፍ ዝቅ ሲል ቆይቷል። ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ የሚከለከልበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ነገ እንዳትነሱ። መጀመሪያ እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ። ደሴ ያለ ዘመድ ስለ ደሴ እንጂ ወገል ጤና ስላለችበት ስለ ደላንታ ላያውቅ ይችላል። ወገል ጤና ያለ ሰው፣ ጋሸና ያለ ሰው ለየብቻ ደውላችሁ አጣሩ። አንዱ «ይቅርባችሁ» ካለ ይቅርባችሁ። ተራራው የትም አይሄድም።

መሪያችን ደሴ ተወልዶ ያደገ፣ አርባዎቹን የጀመረ ሰው ነው። መሪነት ከመጀመሩ በፊት ለዓመታት የክትባት ሣጥን ከኋላው አስሮ በሞተር ገጠር ለገጠር ሲዞር ኖሯል። ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራው። እኛ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳና ከኮምቦልቻ የተሰባሰብን ነን። ከኋላችን መካኒክና መለዋወጫ የጫነ ፒካፕ ይከተላል። ሞተሮቻችን ከ150 እስከ 250 ሲሲ ናቸው። የእኔዋ አየርና ቤንዚን የሚያደባልቅ ካርቡራተር ያላት 150 ናት። ለዚህ መንገድ ትልቅ ሞተር የግድ አይደለም። የጤናና የግብርና ባለሙያው ሁሉ ከዚያ ባነሰ ሞተር ነው አገሩን የሚያዳርሰው።

ጋሼ ጉዞውን ያስጀመረን ከደሴ ሳይሆን ከኮምቦልቻ ነው። ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። በመሃል ያለው ሐረጎ ነው። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር የሚሆን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ያውም ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት። ጋሼ ሐረጎን አንድ ጊዜ አስወጣን፣ መልሶ አስወረደን፣ እንደገና አስወጣን። እሱ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ እየሆነ ያየናል። ማታ ደሴ እራት ላይ የእያንዳንዳችንን አነዳድ ነገረን። «አንተ ኩርባ ውስጥ ገብተህ ነው ፍሬን የምትይዘው፤ ከመግባትህ በፊት ጨርስ።» «አንቺ ጥሩ ትነጃለሽ፤ ግን ዓይንሽ ከፊት ጎማሽ አይነሳም። ራቅ አድርገሽ እይ።» በማግስቱ ሰልፉን ያወጣው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው። ልምድ የሌለውን ከራሱ ቀጥሎ አደረገ። ጎበዙን መጨረሻ ላይ አቆመ። ብዙ ቡድን የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ፈጣኖቹ ከፊት ይሄዳሉ፣ ጀማሪው ብቻውን ከኋላ ቀርቶ ልድረስባቸው ሲል ይወድቃል።

ሌላው ሕጉ የመገንጠያ ሕግ ነው። በመስታወትህ ከኋላህ ያለውን ሰው እያየህ ትሄዳለህ። መገንጠያ ላይ ከደረስክ የኋላህ ሰው እስኪያይህ ትቆማለህ። ካየህ በኋላ ትነሳለህ። ሁሉም ይህን ካደረገ ማንም አይጠፋም፣ ማንም ለመድረስ ብሎ አይሮጥም። ሬዲዮም ኔትወርክም አያስፈልገውም። ደግሞም ገደል ውስጥ ኔትወርክ ጥርግ ብሎ ነው የሚጠፋው።

ዝግጅት ላይ ረጅም ዝርዝር አልደረድርም። ዋናው ጎማ፣ ፍሬንና ልብስ ነው። ጎማው ጥርሱ ያላለቀ ይሁን፤ ፒስታ (የጠጠር መንገድ) ላይ ያለቀ ጎማ ይንሸራተታል። ትርፍ ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) ለፊትም ለኋላም ያዙ። ጎሚስታ ከተማ ውስጥ እንጂ ገደል ውስጥ የለም። የፍሬን ሸራው ግማሽ ከሆነ ቀይሩት፤ «ደርሼ ስመለስ» አትበሉ። የፍሪሲዮንና የጋዝ ገመድ ትርፍ ይኑራችሁ። ልብስን በተመለከተ ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የሞተር ንፋስ አለ። በቀን ውስጥ ቆላ ወርዳችሁ ትልባላችሁ፣ ደጋ ወጥታችሁ ትንቀጠቀጣላችሁ። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ስስ ስስ ልብስ ደራርቦ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት መልበስ ይሻላል። ጓንት ሁለት ይሁን። የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይይዝም። ከንፈርና አፍንጫ ላይ የሚቀባ ነገር አትርሱ፣ ብርድ ነው ብላችሁ ፀሐዩን አትናቁት።

ቤንዚን ደሴ ላይ ሙሉ አድርጉ። ከደሴ በወገል ጤና አድርጎ እስከ ላሊበላ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ደግሞ ይበላል። መንገድ ላይ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን አለ። ከቸገረ ይገዛል። ግን ጋሼ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሳያጣራ ታንከር ውስጥ አስገብቶ አያውቅም። ጨርቁ ላይ የቀረውን አሸዋና ውኃ ሲያሳየን ሁላችንም ጨርቅ ገዛን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወደ በሽሎ ቁልቁለት።

ከኩታበር ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ ያለው ትዕይንት ያፈዛል። ከሸለቆው ማዶ የደላንታ አምባ ጠርዝ ተቆርጦ ይታያል። ኋላ የምትወጡት እሱን ነው። ታችኛው ወንዝ ገና አይታይም። እዚህ ጠርዝ ላይ ጋሼ አቆመንና ሁላችንንም ከሞተር አስወረደን። «እስከ ወንዙ ድረስ በሁለተኛ ማርሽ ነው» አለ። «ሦስተኛ የለም። ማርሽ አውጥቶ መውረድ በፍጹም የለም። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ የሚያወጣ ሰው ካለ አሁኑኑ ፒካፑ ላይ ይጫን።»

ለምን እንደሆነም ነገረን። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሞተሩን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ከሆነ ሸራው ይግላል። የጋለ ሸራ አይነክስም። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ራሱ ይፈላል፤ ውስጡ አረፋ ይፈጠራል። ያኔ እጀታውን ስትጨብጡት እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። በዝቅተኛ ማርሽ ስትወርዱ ግን የሚይዛችሁ ሞተሩ ራሱ ነው። ፍሬኑ ለኩርባ ብቻ ይቀራል። ፍሬኑን ስትይዙም ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ረገጥ እንዳደረጋችሁ አትዘልቁ። ጠጠር ላይ የፊቱን በለስላሳው፣ የኋላውን ጠንከር አድርጋችሁ። ሰውነታችሁን ቀለል አድርጋችሁ እግር መርገጫው ላይ ቆም በሉ፣ የሞተሩን መሪ አንቃችሁ አትያዙ። ሞተሩ ከታች ትንሽ ይወዛወዛል። ይወዛወዝ። ከታገላችሁት ይጥላችኋል።

ከቁልቁለቱ ግማሽ ያህሉን እንደወረድን ጋሼ እጁን አወጣ። ሁላችንም ጥግ ያዝን። በየሞተሩ እየዞረ እጁን ወደ ዲስኩ አስጠጋ። አልነካም፤ ሙቀቱን በመዳፉ ብቻ ያዳምጣል። የሐዋሳው ልጅ ሞተር ጋ ሲደርስ ፊቱ ተቀየረ። የተቃጠለ ሽታ ለሁላችንም ደረሰን። ልጁ ፈጥኖ የውኃ ሃይላንዱን ሲያነሳ ጋሼ እጁን ያዘው። «ውኃ አይፈስም። የጋለ ብረት ውኃ ሲነካው ይጣመማል። አብሽር፣ ተቀመጥ፣ ውኃውን አንተ ጠጣው።» ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ብረቱ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ጠበቅን። መሪ ያልያዘ ሰው እዚያ ጋ አይቆምም። ምክንያቱም የሚያስቆም ነገር የለም፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ወንዙ እየቀረበ ነው፣ ፍሬኑም ገና እምቢ አላለም። እምቢ የሚለው ከሚቀጥለው ኩርባ በኋላ ነው። ለእኔ የመሪው ዋጋ የተከፈለው እዚያች ጥላ ሥር ነው።

ወንዙን ተሻግራችሁ ወደ ደላንታ መውጣት ስትጀምሩ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። አየሩ ይሳሳል። 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ካለው አቅሙ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ካርቡራተር ያለው ከሆነ ደግሞ የሚገባው አየር ሲቀንስ ቤንዚኑ ያው ስለሆነ ይበዛበታል። ይታፈናል፣ ጥቁር ያጨሳል፣ ጋዝ ስትሰጡት ይንቀራፈፋል። ብዙ ሰው ያኔ ሞተሬ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። መካኒካችን የአየር ማጣሪያዬን አውጥቶ አራገፈ፣ የካርቡራተሩን የአየር ብሎን ትንሽ አስተካከለ፣ ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይሰጥ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ አደረገ። ማጣሪያውን ጨርሶ አውጥቶ መንዳት ግን አይገባም። አቧራው ሞተሩን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። በመርፌ ነዳጅ የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ አቅማቸው መቀነሱ አይቀርም። ዳገቱን በአንደኛና በሁለተኛ፣ ሳይቸኩሉ መውጣት ነው።

ሰውም እንደ ሞተሩ አየር ያጥረዋል። ለአዲስ አበባና ለደሴ ሰው ያን ያህል አይከብድም። ከሐዋሳና ከኮምቦልቻ ለመጣነው ግን ማታ ራስ ምታት ይዞን ነበር። ብዙ ውኃ መጠጣት፣ ቀለል ያለ እራት መብላት፣ መጠጥ መተው ነው መፍትሔው። ብርድ ነው ተብሎ አረቄ መያዝ ትልቅ ስህተት ነው። ራስ ምታቱ ከማስታወክና ከመንገዳገድ ጋር ከመጣ ግን ነገ ይሻለኛል አይባልም፤ በመኪና ወደ ዝቅታ መውረድ ነው። ፒካፕ ያስከተልነው ለመለዋወጫ ብቻ አይደለም።

ወገል ጤና አደርን። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ጠዋት ስንወጣ የሞተሮቹ ወንበር ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ከመሃላችን ግማሹ ሞተር አልነሳም አለ። ቶሎ ቶሎ የሚረግጡትን ጋሼ አስቆማቸው። ደጋግሞ መርገጥ ቤንዚን እያስገባ ካንዴላውን (እሳት የሚያጭረውን ክፍል) ያርሰዋል፤ ባትሪ ያለውም ባትሪውን ይጨርሳል። ካንዴላዬን ፈታልኝ። ጫፉ ጥቁር፣ እርጥብ ነበር። በጨርቅ ጠረገው። ከዚያ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ገባ። የቤቱ እናት ከሰሉን ገና እያራገቡ ነው።

«እናቴ፣ ትንሽ እሳት ያውሱን፣ ይህን ብረት ላሙቅበት» አላቸው።

«አብሽሩ ልጆቼ» አሉ። «እሳቱም የናንተ ነው። ግን አቦሉን ሳትጠጡ ማንም ከዚህ አይወጣም።»

ጋሼ ካንዴላውን በፒንሳ ይዞ ከፍሙ በላይ ከፍ አድርጎ እያገላበጠ አሞቀው። እሳቱ ውስጥ አልከተተውም። ጫፉ ደርቆ ቀለሙ ሲመለስ በጨርቅ ጠቅልሎ ሮጥ ብሎ መለሰው። ሞተሯ በሁለተኛው ረገጣ ተነሳች። ስትነሳም ጋዝ አላስበዛኝም፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ዝም ብላ ትሥራ አለኝ። እኛ ግን ተመልሰን ገባን። አቦል ጠጣን፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካም ቀረበ። ሦስተኛው ላይ እናታችን ተነስተው ዱዓ አደረጉልን። ከእኛ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ። ወሎ ላይ ማን የማን እንደሆነ አይጠየቅም። የተነሳነው ፀሐይ ውርጩን ካቀለጠች በኋላ ነው። ጋሼ ይህንንም ሕግ አድርጎታል፤ ደጋ ላይ ከሦስት ሰዓት በፊት አይነሳም፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አይነዳም። ጠዋት ጥላ ያለበት ኩርባ ላይ ውርጩ ያንሸራትታል። ማታ ደግሞ ከብቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ይሞላዋል።

የደላንታ ስም በዓለም ገበያ የታወቀው በኦፓል ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ እዚህ ገደል አፋፍ ላይ የተገኘው ድንጋይ ዛሬ የወሎ ኦፓል እየተባለ ይጠራል። መንገድ ላይ ልጆች በመዳፋቸው ይዘው ያሳዩዋችኋል። ውኃ አርሰው ያሳዩዋችሁና ቀለሙ ይደንቃችኋል። ለመታሰቢያ አንድ ሁለት ብትገዙ ደስ ይላል። ለንግድ ከሆነ ግን ፈቃድ ያለው ነጋዴ ጋ ሂዱ። ይህ ኦፓል ውኃ የሚመጥ ዓይነት ስለሆነ ሲርስና ሲደርቅ መልኩ ይለዋወጣል፤ በደረቁ ሳያዩ ገንዘብ ማውጣት አይመከርም።

ከደላንታ ወደ ዋድላ ለመሻገር ደግሞ ጅጣ አለ። ሌላ ገደል፣ ሌላ ቁልቁለት፣ ሌላ ዳገት። እዚህ ጋሼ ጠርዙ ላይ አቁሞን ስለ መቅደላ ዘመቻ አወራን። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ከጋፋት ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በዚህ አገር ነው። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከደብረ ታቦር በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነስተው መቅደላ የገቡት መጋቢት ላይ ነው። መንገድ የሚባል ስላልነበረ ድንጋይ እየፈለጡ፣ ገደል እየደለደሉ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። ጅጣን ወርደው ወጡ፣ በሽሎን ወርደው ወጡ። ከኋላቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር በዚያው በጠረጉት መንገድ ተጠቅሟል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ታሪክ ነው። እንደዚያ ቀን ግን ገብቶኝ አያውቅም። ትናንት በሽሎ ላይ የራሴን ሞተር ለመያዝ ክንዴ ዝሎ ነበር። በዚያው ገደል በጠፍር እየተጎተተ የወረደውን መድፍ ሳስብ ለረጅም ጊዜ ከጠርዙ መነሳት አቃተኝ። ይህን አገር ስታልፉ ፎቶ ብቻ አንስታችሁ አትለፉ። ቆም በሉ።

በኮን በኩል ጋሸና ስትደርሱ አስፋልቱን ታገኛላችሁ። ከዚያ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ስለ ላሊበላ እኔ የምጨምረው የለም፤ አሥራ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ሞተራችሁን አቁማችሁ ሙሉ ቀን ስጡት። በገና ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ ማደሪያ ከወራት በፊት ያዙ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መንገዱ በሰውና በአህያ ይሞላል።

መመለሻችን በወልድያ ነበር። ከጋሸና ወልድያ ያለው በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ክፍል ነው። ድልብ ጋ ሲደርስ ቁልቁለቱ ይጀምራል። እዚህ የበሽሎው ሕግ በአስፋልት ላይ ይደገማል። አስፋልት ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። ወደ ላይ የሚወጣ አይሱዙ ኩርባውን ሲቆርጥ የእናንተን መስመር ይይዛል። ኩርባ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ክላክስ አሰሙ፣ የቀኝ ጥጋችሁን ያዙ። ጉም ካለ መብራት አብርታችሁ አዝግሙ፤ ጨርሶ ካልታየ ከመንገዱ ወጥታችሁ ቁሙ። እኛ ጉም ይዞን ቁጭ ብለን እስኪገፍ ጠብቀናል። በዚያ መሃል ከታች በፍሪ (ማርሽ አውጥቶ) የሚወርድ መኪና ድምፅ ሰማን። ማንም ምንም አልተናገረም።

ስለ ከብትና ስለ ልጆች ትንሽ ልበል። አህያ መሃል ላይ ቆማ ከሆነ ትቆማለች፤ እናንተ ናችሁ የምትዞሩት። በግ ግን አደገኛ ናት። አንዷ ከተሻገረች የቀሩት ሁሉ ይከተሏታል፤ ስለዚህ መንጋው አለፈ ብላችሁ አትነሱ፣ የመጨረሻዋን ጠብቁ። ውሻ ሲያባርራችሁ መጀመሪያ ፍጥነት ቀንሱ፣ አጠገባችሁ ሲደርስ ጋዝ ስጡ፤ ሒሳቡ ይበላሽበታል። ልጆች ሮጠው ወደ መንገድ ይወጣሉ። ድንጋይ የሚወረውርም አልፎ አልፎ አይጠፋም። ጋሼ ልጆች ሲያይ ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ብሎ እጁን አንስቶ ሰላም ይላል። ሰላም የተባለ ልጅ ድንጋዩን ጥሎ እጁን ያነሳል። ይህን በዓይኔ ደጋግሜ አይቻለሁ። አቧራ አልብሷቸው ያለፈ ሰው ግን ለሚቀጥለው ሞተረኛ ነው ጠላት የሚያተርፍለት። እርሻ አጠገብ ስትቆሙ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ «ቤቶች» ብሎ መጥራት በቂ ነው።

ከወልድያ በመርሳ፣ በውጫሌ፣ በሐይቅ አድርጎ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ውጫሌ ያ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት አገር ነው። ይስማ ንጉሥን አይቶ ማለፍ ጊዜ አይወስድም። ሐይቅ ስትደርሱ ደግሞ ውኃው ዳር ወርዳችሁ ዓሣ ብሉ። ትኩስ፣ በሎሚና በዳጣ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው፤ ወደ ገዳሙ የሚገባው ወንድ ብቻ ስለሆነ እህቶቻችን ከውጭ መቆየት ይኖርባቸዋል። እኔ ሐይቅ ላይ ለማረፍ የምለምናችሁ ግን ለዓሣውም ለታሪኩም ብቻ አይደለም። የመጨረሻው ቀን አደገኛ ቀን ነው። ገደሉ አልቋል፣ መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ሰውነት ግን ዝሏል። ሚኒባሱና ባጃጁ የበዛውም እዚህ ነው። ጋሼ ደሴ ሊገባ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከአንድ ሰዓት በላይ ያሳረፈን በዚህ ምክንያት ነው።

መሪ ስትመርጡ የሚከተሉትን ጠይቁ። መንገዱን መጨረሻ የነዳው መቼ ነው? ክረምት ካለፈ በኋላ ካልሄደበት መንገዱን አያውቀውም ማለት ነው፤ ክረምት ፒስታን ይቀይራል። ለአንድ መሪ ስንት ሞተር ነው? ከስድስት ሰባት በላይ ከሆነ ሌላ ሰው ከኋላ ይጨምር። ሞተር ቢበላሽ ማን ይከፍላል? ቤንዚንና ማደሪያ ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? ሰው ቢጎዳ ወዴት ይወሰዳል፣ በምን? ይህን ሁሉ በጽሑፍ ያዙ። ከእነዚህ ጥያቄዎች በአንዱ የተቆጣ መሪ ቁልቁለት ላይም አይሰማችሁም። ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ምርጥ ነው። ጥቅምት ላይ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፤ ጭቃው ጎማ ላይ ተጣብቆ መሽከርከር ያቆማል።

ቤታችሁ ስትገቡ ሞተራችሁን ሳታጥቡ ዘይት ቀይሩ። የአየር ማጣሪያውን አጽዱ ወይም ቀይሩ፤ የደላንታ አቧራ ደቃቅ ነው፣ በዓይን አይታይም። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ እንደገና ቀቡት። የጎማውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በቁልፍ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ስሙ፤ የላላው ድምፁ ወፍራም ነው። ካርቡራተሩን ለደጋ አስተካክላችሁ ከሆነ ወደ ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት መልሱት። ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ሙቀት ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስተኑንም ሊያቃጥል ይችላል። የኮምቦልቻው ጓደኛችን ሞተሩን ያስተካከለው እዚያው ደሴ፣ ሐረጎን ከመውረዱ በፊት ነው።